ጠባቂ እስከ መቼ ይጠብቃል?

አንድ ሰው አለቃውን ወይም ወዳጁን ሊጠብቅ ቃል ገብቶ በአንድ ስፍራ ቢቀመጥ፥ የተቀጠረውም ቀን ቢያልፍ፥ ከዚያ ወዲያ የመጠበቅ ግዴታ አለበትን? ግዴታ ካለበትስ እስከ መቼ ነው? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ መልሱም በብዙ ሰው አፍ ተዘጋጅቶ ይገኛል። አንዱ «ቀኑ ከሞላ ቃሉ ተፈጸመ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «የሚጠበቀው ሰው ነው እንጂ ቀን አይደለም» ብሎ ይመልሳል። እኔ ግን ሁለቱም መልሶች ነገሩ በእውነት ወደ ደረሰበት ሰው ቀርበው ሲታዩ የማይበቁ ሆነው አገኘኋቸው። ስለዚህ በባዶ ክርክር ከመጀመር ይልቅ፥ ጥያቄው በሥጋና በደም የተፈተነበትን አንድ የጕዞ ታሪክ ለአንባቢዎች ማቅረብን መረጥሁ። ዘመኑን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ታሪኩ የአውስትራልያ ነው። በ1860 ዓ.ም.፥ በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው በነበሩበት ዘመን፥ እንግሊዞች በአውስትራልያ የባሕር ዳርቻ ከተሞችን ሠርተው ይኖሩ ነበር እንጂ፥ የአገሩ መካከል ምን እንደሚመስል አብዛኛውን አያውቁም ነበር። አገሩ ግን ባዶ አልነበረም፤ ነባሮቹ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ይኖሩበት፥ የውሃውን ጕድጓድና የዱሩን ፍሬ በየስሙ ያውቁት ነበር። በዚያን ጊዜ የቪክቶርያ ቅኝ አገር ወርቅ ስለ ተገኘባት እጅግ ባለጸጋ ሆና ነበርና፥ በዋና ከተማዋ በሜልቦርን የተቋቋመው የዕውቀት ማኅበር አገሩን ከደቡብ ጫፍ እስከ ሰሜን ባሕር፥ ማለት እስከ ካርፐንታርያ ባሕረ ሰላጤ ድረስ፥ የሚያቋርጥ ቅፍለት አሰናዳ። በጎረቤቲቱ በደቡብ አውስትራልያ በኩል ስቱዋርት የተባለው ብርቱ አሳሽ ይህንኑ መንገድ ይሞክር ስለ ነበር፥ ነገሩ የዕውቀት ፍለጋ ብቻ ሳይሆን እሽቅድምድም ጭምር ሆነ። ከዚህ በኋላ ለሚነገረው መከራ ሁሉ ይህ ችኮላ ቀላል ምክንያት አይደለም።

ቅፍለቱ ኦገስት 20 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲነሣ 15,000 ያህል ሕዝብ ወጥቶ ሸኘው። ተጓዦቹ 19፥ ግመሎቹ 26፥ ፈረሶቹ 23፥ ሠረገላዎቹ 6 ነበሩ፤ ጓዙም 20 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። በዚያ ጓዝ ውስጥ በረሃ ለሚሻገር ሰው ምን እንደሚረባ ለማወቅ የሚያስቸግር ዕቃ ሞልቶበታል፤ ጠረጴዛ ከነወንበሮቹ ይገኝበታል፥ ለግመሎቹ ማበርቻ ተብሎም 60 ጋሎን አረቄ ተጭኗል። አለቃው ሮበርት ኦሃራ በርክ በትውልዱ አየርላንዳዊ፥ በሥራው የፖሊስ ሹም ሲሆን፥ ድፍረቱ የተመሰገነ ነገር ግን በዱር መንገድ መፈለግን ከቶ ያልለመደ ሰው ነበር። ፖስታ የሚያመላልስ ሠረገላ ከሳምንት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ የሚጨርሰውን እስከ መኒንዲ ያለውን መንገድ፥ ይህ ግዙፍ ቅፍለት ሁለት ወር ያህል ፈጀበት። የግመሎቹ ኀላፊና የበርክ ምክትል የነበረው ሰውም ከአለቃው ተጣልቶ ሥራውን ለቀቀ፤ በስፍራውም መሬት ቀያሽና የከዋክብት ተመልካች የነበረው ወጣቱ ዊልስ ተተካ።

በርክ ትዕግሥቱ ስላለቀ በመኒንዲ ቅፍለቱን ከፈለው። እርሱ ከጥቂት ሰዎች ጋር ቀድሞ ሲሄድ፥ የቀረውን ሰውና ስንቅ ተከትሎ እንዲያመጣ በመንገድ ያገኘውን ራይት የተባለ የበግ እርባታ ሹም አዘዘው። ራይት ግን ሹመቱ ከሜልቦርን እስኪጸናለትና ገንዘብ እስኪላክለት እየጠበቀ፥ ከመኒንዲ የተነሣው ጃንዋሪ 26 ቀን 1861 ዓ.ም. ነው። አንባቢው ይህን ቀን በልቡ ይያዝ።

በርክ ወደ ኩፐር ወንዝ የደረሰው ኖቬምበር 11 ቀን ነበር። አይጥ ስንቃቸውን ቢፈጅባቸው ሰፈራቸውን ለውጠው፥ በወንዙ ዳር 65ኛ ብለው በቈጠሩት ሰፈር ተቀመጡ። በዚያ አገር ዲሴምበርና ጃንዋሪ የበጋ ወራት ናቸው፤ በጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ ሰውን የሚያደክም ነው። ዝናቡን መጠበቅ፥ ራይትንም መጠበቅ ይቻል ነበር። በርክ ግን ዲሴምበር 16 ቀን ከዊልስ፥ ከኪንግና ከግሬይ ጋር ሆኖ፥ 6 ግመልና 1 ፈረስ፥ የ12 ሳምንትም ስንቅ ይዞ ወደ ሰሜን ተነሣ። በሰፈሩ አራት ሰዎች ቀሩ። እነርሱም ፓተን፥ ማክዶና፥ ግመል ነጂው ዶስት መሐመድና፥ የእነርሱ ኀላፊ የተደረገው ዊልያም ብራሄ የተባለ ጀርመናዊ ወጣት ናቸው።

ብራሄ ኋላ በመርማሪዎች ፊት በሰጠው ቃል፥ በርክ ሦስት ወር ወይም ስንቁ እስኪያንስ ድረስ እንዲጠብቅ አዝዞት ነበር፤ ዊልስ ደግሞ ለብቻው ጠርቶ «አራት ወር ጠብቀን» ብሎ ለመነው። ዊልስ ግን ሊሞት ጥቂት ሲቀረው በጻፈው ማስታወሻ፥ የሰፈሩ ሰዎች ከትእዛዝ ውጭ ስለ ሄዱ ለዚህ መከራ ተዳረግን ብሏል። ከሁለቱ ማንኛው ልክ እንደ ሆነ የሚፈርድ ወረቀት የለም፤ በርክ ለሹሞቹ በጽሑፍ ትእዛዝ የመስጠት ልማድ አልነበረውምና። በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ይህን ሲያነብ ሳይተክዝ አያልፍም። በቃል የተሰጠ ትእዛዝ፥ አዛዡ በሄደ ጊዜ የታዛዡ ፈቃድ ይመስላል፤ ነገሩ የተበላሸ እንደ ሆነም ኀላፊነቱ ሁሉ በስፍራው በተገኘው ምንዝር ላይ ይወድቃል።

ብራሄና ጓደኞቹ የእንጨት አጥር አጥረው ጠበቁ። ሦስቱ ወር ማርች 16 ቀን ሞላ፤ ማንም አልመጣም። አራተኛው ወር አፕሪል 16 ቀን ሞላ፤ ከሰሜንም በርክ፥ ከደቡብም ራይት አልመጡም። አትክልት ከማጣት የሚመጣው በሽታ ድዳቸውንና እግራቸውን ይዟቸው ነበር። ከሁሉም ይልቅ ፓተን ከፈረስ ወድቆ እግሩ ስለ ተጐዳ፥ መራመድ ካቃተው 18 ቀን ሆኖት ነበር፤ ወደ ሰው አገር እንዲወስዱትም ይለምን ነበር። እንግዲህ የብራሄ ችግር ቀን የመቍጠር ችግር ብቻ እንዳልነበረ ማስተዋል ያስፈልጋል። በአንድ ወገን በዓይኑ ፊት የሚያቃስት አንድ ሰው አለ፤ በሌላው ወገን በሕይወት መኖራቸው የማይታወቅ፥ ምናልባትም ወደ ኵዊንስላንድ አምርተው ወይም በመርከብ ተሳፍረው ሊሆኑ የሚችሉ አራት ሰዎች አሉ። ለሚታየው ቢያደላ፥ የማይታዩትን ከዳ ይባላል፤ ለማይታዩት ቢያደላ፥ የሚታየውን ገደለ ይባላል። ብራሄ የተቀጠረውን ወር አሳልፎ፥ የተለመነውንም ወር አሳልፎ፥ አምስት ቀን ጨምሮ፥ አፕሪል 21 ቀን 1861 ዓ.ም. በረፋዱ ሰፈሩን ለቀቀ። ከመሄዱም በፊት ዱቄት፥ ስኳር፥ ሩዝና የደረቀ ሥጋ ከአንድ ደብዳቤ ጋር በመሬት ቀብሮ፥ በአጠገቡ በቆመው ዛፍ ላይ «ቈፍር» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ቀረጸ። ዛፉ ከእኛው ባሕር ዛፍ ወገን ነው፤ እስከ ዛሬም በስፍራው ይታያል።

በዚያው ዕለት ምሽት በርክ፥ ዊልስና ኪንግ ወደዚያ ሰፈር ደረሱ። በመካከሉ ያለፈው ዘጠኝ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ከየት እንደ መጡ ባጭሩ ልናገር። ፌብርዋሪ በገባ በ2ኛው ሳምንት ወደ ሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ቀርበው፥ የወንዙ ውሃ ጨዋማ ሆኖ ከባሕሩ ጋር ሲወጣና ሲወርድ አይተዋል፤ ነገር ግን ረግረጉና ዱሩ ስለ ከለከላቸው ባሕሩን በዓይናቸው ሳያዩ ተመለሱ። ለመሄድ ሁለት ወር ያህል ፈጅቶባቸው ለመመለሻ የቀራቸው ስንቅ የ27 ቀን ብቻ ነበር። ዝናቡ ዘነበባቸው፤ ግመሎቹን እያረዱ በሉ፤ ፈረሱንም በሉ። ግሬይ ከስንቁ ዱቄት ሰርቆ ስለ ተገኘ በርክ መታው፤ ታምሜአለሁ ሲልም ማስመሰል ነው ተባለ። ሰውየው ግን በእውነት ታሞ ኖሮ ሰፈሩ ሊደርሱ አራት ቀን ሲቀራቸው ሞተ። የተረፉት ሦስቱ እጅግ ከመድከማቸው የተነሣ ጥልቀት የሌለውን መቃብር ለመቈፈር አንድ ሙሉ ቀን ዋሉበት።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ያን አንድ ቀን ለቀብር ባያውሉት ኖሮ ብራሄን በሰፈሩ ባገኙት ነበር። ታዲያ ጓደኛቸውን መቅበራቸው ጥፋት ነውን? እንዲህ የሚል ሰው አላጋጠመኝም፤ ቢኖርም ልቡን እጠራጠረዋለሁ። ከዚያች ቀብር የተነሣ ሁለት ሰዎች ሞቱ ማለት በሒሳብ ልክ ነው፤ ነገር ግን በሒሳብ ልክ የሆነው ሁሉ በፍርድ ልክ አይሆንም። እንዲህ ከሆነ ዘንድ፥ የቀባሪዎቹን አንድ ቀን በምሕረት የምናልፍ ሰዎች የብራሄን ዘጠኝ ሰዓት በምን ሚዛን እንመዝነው? እርሱም በዚያች ረፋድ የሚሠራው ሥራ በሽተኛን ማንሣት ነበር። በርክ አንድ ሳምንት ዘግይቶ ቢሆን፥ ወይም ከነጭራሹ ባይመለስ፥ ብራሄን «በጊዜው አስተዋይ ነበረ» ባልነው ነበር። ሰውየው ያው ነው፥ ሐሳቡም ያው ነው፤ የተለወጠው ሌሎች የደረሱበት ሰዓት ነው። ከሰው ፈቃድ ውጭ የሆነ ሰዓት የሰውን ነፍስ ጻድቅ ወይም ኃጥእ ሊያደርጋት የሚችል አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ብራሄን ከጥፋት ሁሉ ነጻ ላወጣው አልደፍርም። እኔ የምጠይቀው ስለ አፕሪል 21 ሳይሆን ስለ ሜይ 8 ቀን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ብራሄ ወደ ደቡብ ሲወርድ በመጨረሻ እየዘገየ የመጣውን ራይትን በመንገድ አገኘው፤ የራይት ሰዎችም በበሽታ እየረገፉ ነበር። ሁለቱ ተማክረው፥ ምናልባት በርክ ተመልሶ እንደ ሆነ ለማየት በፈረስ ወደ ኩፐር ወንዝ ተመለሱ። ይህ መመለስ የተመሰገነ ነው፤ ማንም አላስገደዳቸውም። ነገር ግን በሰፈሩ የቆዩት ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ዛፉ እንደ ነበረ ነው፤ መሬቱም እንደ ነበረ ነው፤ ጕድጓዱ የተሸፈነበት የከብት ፋንድያም እንደ ነበረ ነው። ማንም አልመጣም ብለው ሄዱ። በርክና ጓደኞቹ ግን ጕድጓዱን ቈፍረው፥ ስንቁን አውጥተው፥ የሚሄዱበትን አቅጣጫ የሚገልጽ ደብዳቤ በስፍራው ቀብረው፥ ሌላ ሰው እንዳይከፍተው መሬቱን እንደ ቀድሞው አስመስለው ሸፍነው ነበር። በዛፉም ላይ አዲስ ምልክት አልጨመሩም። በዚያች ሩብ ሰዓት አንድ ዶማ መሬቱን ቢነካው ኖሮ ደብዳቤው በተገኘ፥ ሰዎቹም ወንዙን ተከትለው በቅርብ ስለ ነበሩ በሕይወት በተገኙ ነበር።

አሁን አንባቢዬ «አንተው ራስህ በውጤት አትፍረዱ ብለህ፥ ተመልሰህ በውጤት ትፈርዳለህ» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። አፕሪል 21 ቀን ብራሄ የሚያውቀውን ሁሉ አመዛዝኖ ነበር፤ ከዚያ በላይ ሊያውቀው የሚችል ነገር በእጁ አልነበረም። ሜይ 8 ቀን ግን ማወቂያው ከእግሩ በታች ነበር። መቈፈር ብቻ ይበቃ ነበር፤ እርሱ ግን የሚጠብቀውን ነገር፥ ማለት ባዶ ሰፈርን፥ ስላየ ጠይቆ ሳይጨርስ ተመለሰ። በእኔ ግምት ሰው የሚጠየቅበት ስፍራ ይህ ነው፤ መከራው በደረሰበት ሰዓት ሳይሆን መጠየቅን ባቆመበት ሰዓት ነው። ይህ ፍርድ በብራሄ ላይ ብቻ የሚወድቅም አይደለም። ያንኑ ዛፍ ሳይቀርጹ ያለፉት በርክና ዊልስም፥ ከኋላችን ማንም አይመጣም ብለው አስቀድመው ፈርደው ነበርና፥ ለሚመጣው ሰው ምልክት መተው እንደማያስፈልግ ቈጠሩት። ጠባቂውና ተጠባባቂው በአንድ ዛፍ ሥር ተራ በተራ ቆመው፥ እርስ በርሳቸው ተስፋ ቈርጠው ተላለፉ።

ስለ ደብዳቤውም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ብራሄ በቀበረው ደብዳቤ ከፓተን በቀር እርሱና ሁለቱ ጓደኞቹ ደኅና እንደ ሆኑ፥ ግመሎቹና ፈረሶቹም ለጕዞ ብርቱ እንደ ሆኑ ጽፎ ነበር። ይህን የጻፈው በበጎ ልብ እንደ ሆነ አልጠራጠርም፤ ሹም ለአለቃው ሲጽፍ «ሁሉ ደኅና ነው» ማለት የቈየ ልማድ ነው። በርክ ግን ይህን ባነበበ ጊዜ፥ ብርቱ ፈረስ የያዙትን ሰዎች በደከሙ ሁለት ግመሎች ተከትሎ እንደማይደርስባቸው አሰበ። በዚያች ሌሊት ብራሄ ከ25 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ሰፍሮ ነበር። ስለዚህ በርክ የሚያውቁትን የመኒንዲን መንገድ ትቶ፥ 240 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሆፕለስ ተራራ በኩል ወዳለው የከብት እርባታ ጣቢያ ለመሄድ ቈረጠ። የተራራው ስም በአማርኛ «ተስፋ ቢስ» ማለት ነው። ግመሎቹ በመንገድ አለቁ፤ ሰዎቹም ውሃ ስላጡ ወደ ወንዙ ተመለሱ።

መርማሪ ሸንጎው በ1862 ዓ.ም. ፍርዱን ሲሰጥ፥ በርክን ቅፍለቱን ስለ መክፈሉ ነቀፈው፤ ከሁሉ የከፋውን ወቀሳ ግን በራይት ላይ አደረገ። ስለ ብራሄ ሲናገር ከዐቅሙ በላይ የሆነ ኀላፊነት እንደ ወደቀበት፥ መሄዱ ቢነቀፍም ሥራውን በቅን ልብ እንደ ፈጸመ፥ የራሱም ጸጸት እንደሚበቃው ገለጸ። ይህ ፍርድ ርኅራኄ ያለበት ስለ ሆነ እወደዋለሁ። ነገር ግን አንድ ጐደሎ አይበታለሁ፤ ቅፍለቱን ያሰናዳው ኮሚቴ ራሱ፥ ዱር የማያውቅ ሰው ሾሞ፥ የራይትንም ሹመት ለማጽናት ዘግይቶ ሳለ፥ ከተወቃሾቹ መካከል እንደ ራይት አልከበደበትም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ፥ ትእዛዝም ቀጠሮም ያልነበራቸውን ሰዎች ረስቼ አይደለም። በኩፐር ወንዝ ዳር የሚኖረው የያንድሩዋንዳ ሕዝብ፥ እነዚህ እንግዶች በአገሩ ሳይጠየቁ ገብተው ሳለ፥ ዓሣ ሰጣቸው፤ ናርዱ ከምትባለው የውሃ ዳር ተክል ፍሬ የተጋገረ ቂጣም አበላቸው። በርክ ግን አንዱ ሸራ ሊወስድ ነው ብሎ ሽጕጥ ተኵሶ አባረራቸው። ከዚያም ሦስቱ ናርዱን ራሳቸው እየፈጩ ይበሉ ጀመር፤ ዝግጅቱን ግን አያውቁትም ነበር። የዛሬ ዘመን ተመራማሪዎች እንደሚሉት፥ ይህ ፍሬ በባላገሮቹ ዘዴ ካልተዘጋጀ በቀር ለሰውነት የሚያስፈልገውን አንዱን ቪታሚን ያጠፋል። ሆዳቸው እየሞላ ሰውነታቸው ከሳ፤ ዊልስና በርክ በጁን ወር መጨረሻ ገደማ ሞቱ። ኪንግ ብቻውን ሆኖ ወደ ያንድሩዋንዳ ሄደ። እርሱ ወፍ እየመታ ያመጣላቸው፥ የአንዲት ሴት ክንድ ቢቈስል አጥቦ መድኀኒት ያደርግላት ነበር፤ እነርሱም እስከ ሴፕቴምበር ድረስ መገቡት። የበርክን ሬሳ ባሳያቸው ጊዜ አምርረው አለቀሱ፥ በቅጠልም ሸፈኑት። ሽጕጥ የተኰሰባቸው ያው ሰው ነበር። ሦስት ወር ወይስ አራት ወር የሚለው ክርክር በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ምን ትርጕም ሊኖረው እንደሚችል እጠይቃለሁ። የተራበው ሰው እስኪወሰድ ድረስ አበሉት፤ ለዚህም የተቈረጠ ቀን አልነበረም።

ሃዊት የተባለው አሳሽ ከሜልቦርን ጠፊዎቹን ሊፈልግ ሲላክ፥ ብራሄ መንገድ መሪ ሆኖ ከእርሱ ጋር ተመለሰ። ሴፕቴምበር 13 ቀን 1861 ዓ.ም. በዛፉ ሥር ቆሙ። ቀብሩ ብራሄ እንደ ተወው ያለ መሰላቸውና ሳይነኩት አለፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ኪንግን በያንድሩዋንዳ መካከል፥ ቆዳና አጥንት ሆኖ፥ በሕይወት አገኙት፤ በጕድጓዱ ውስጥ ምን እንዳለ የነገራቸው እርሱ ነው። ሴፕቴምበር 28 ቀን ሲመለሱ ቈፈሩት፤ ዊልስ ሜይ 30 ቀን ብቻውን በእግሩ ተመልሶ የቀበራቸውን የዕለት ማስታወሻዎችም አወጡ።